ከውጫሌ እስከ ሚሌ፤ የነዳጅ መንገድና የወሎ ምድር

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ካለፈ በኋላ፣ ከውርጌሳና ከመርሳ በፊት፣ ውጫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል ያልፋል። የአውቶቡሱ ረዳት ስሟን ጠርቶ ወራጅ እንዳለ ይጠይቃል፤ ወራጅ ከሌለ ጉዞው ይቀጥላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተዋዋሉበት ምድር ይህ ነው። በትምህርት ቤት ስለዚህ ውል የምናስተምረው ስለ 17ኛው አንቀጽ ነው፤ ስለ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ ከዚያም ስለ ዓድዋ። ማስተማራችንም ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ውል ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የማለፊያ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያው ንጉሥ መሣሪያውንና ጥይቱን ኢጣልያ በያዘችው በምፅዋ በኩል እንዲያሳልፍ ተፈቅዶለታል። የሚፈቀድ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚከለከልበት ቀን አለው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያንን የማለፊያ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያውን ትቶ ዛሬ መሣሪያውንም፣ ማረሻውንም፣ ወፍጮውንም የሚያንቀሳቅሰውን ፈሳሽ፣ ማለትም ነዳጅን ይዞ ይጓዛል።

ከነዳጅ በፊት ጨው ነበረ። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣው አሞሌ በገበያው ምግብም ገንዘብም ሆኖ ኖሯል። የሐብሩና የወልዲያ ቆላ ለዚህ ንግድ እንደ በር ነበር፤ በስተምሥራቅ በረሃው፣ በስተምዕራብ ተራራው፣ በመካከል እህልና ጨው የሚለዋወጡበት ጠባብ ሜዳ። የምድሩ አቀማመጥ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጭነቱ ነው።

የዘመናዊው ማገዶ ታሪክ በእኛ አቅጣጫ የጀመረው በነዳጅ ሳይሆን በድንጋይ ከሰል ነው። በኅዳር 1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። በዚያው ወር ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለው የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ዳርቻ ከአካባቢው ሱልጣኖች ለመግዛት ተዋዋለ። የተፈለገው የከሰል መጫኛ ጣቢያ ነበር፤ በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ በየመንገዱ ከሰል መሙላት ነበረባትና። በ1874 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ የነጋዴ መጋዘን የነበረው የቅኝ ግዛት መሠረት ሆነ። የኢጣልያ ቅኝ ገዥነት ወደ ቀይ ባሕር የገባው እንግዲህ በማገዶ ጥያቄ ተሸፍኖ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነዳጅ ራሱ በታሪካችን መድረክ ላይ ጎልቶ የወጣው በ1927 ዓ.ም. ክረምት ነው። ፋሽስት ኢጣልያ ሠራዊቷን በኤርትራ እያከማቸች ሳለች፣ በነሐሴ ወር ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ደላላ አዲስ አበባ ገብቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር ውል ፈረመ። በውሉ መሠረት የአገሪቱን እኩሌታ በሚያህል ምሥራቃዊ ምድር ላይ ነዳጅና ማዕድን የመፈለግና የማውጣት መብት ለ75 ዓመት ለአንድ ኩባንያ ተሰጠ፤ ከኩባንያው ጀርባ የቆመው ስታንዳርድ ቫኩም የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ድርጅት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ስሌት ግልጽ ነው፤ የአንግሎ ሳክሶን ከበርቴ ገንዘቡን ባፈሰሰበት ምድር ላይ ሙሶሊኒ ቦምብ ሲጥል መንግሥታቱ ዝም አይሉም የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ሆነ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኩባንያውን ተጭኖ ውሉን አስተወው። ዋሽንግተንም ለንደንም ከጠቡ ውጭ መቆምን መረጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሚገባ ማስተዋል ያሻል። ወረራው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ 50 ያህል መንግሥታት የንግድ ማዕቀብ ለማድረግ ተስማሙ፤ ማዕቀቡም በኅዳር ወር ሥራ ላይ ዋለ። በዝርዝሩ ውስጥ ጎማ አለ፣ የጭነት እንስሳትም አሉ፤ ነዳጅ ግን የለም። አጋሰስ ተከልክሎ ቤንዚን ተፈቀደ! ስለ ነዳጁ ጉዳይ ወራት ሙሉ ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ባለሙያ ተጠየቀ፣ ውሳኔው ከቀን ወደ ቀን ተላለፈ። በዚህ መካከል የኢጣልያ የጦር መርከቦች የማለፊያ ቀረጣቸውን እየከፈሉ በስዌዝ ቦይ ተመላለሱ። ነዳጁን ከሸጡት መካከል ሩማንያና የአሜሪካ ኩባንያዎች ይገኛሉ፤ በጉባኤው አዳራሽ ወረራውን አጥብቃ ታወግዝ የነበረችው ሶቪየት ኅብረትም ትገኛለች። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በ1970ዎቹ እንዲህ ባሉ ገጾች ላይ ለመጻፍ የሚደፍር አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሳይጻፍ ቢቀር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሙሶሊኒ በ1931 ዓ.ም. መግቢያ ሚውኒክ ላይ ለሂትለር የተናገረውን አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት በኋላ ጽፎታል። ማዕቀቡ ነዳጅን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር ለመውጣት እገደድ ነበር ማለቱን ነው የሚነግረን። አምባገነን ሲፎክር ሊጨምርበት ይችላል፤ ስለ ድካሙ ሲናገር ግን የሚጨምርበት ምክንያት አይታየኝም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተመታ። የኢጣልያ ጦር ወደ ደቡብ ወርዶ የወሎን ምድር አቋርጦ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ማርሻል ባዶልዮ የነዳው ሰልፍ ከ1,500 በላይ መኪናዎች ነበሩት፤ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱ ተያዘች። በበቅሎ የሚጓዝ ሠራዊት ሣርና ውኃ ባለበት ያድራል፤ በመኪና የሚጓዝ ግን በርሜል በደረሰበት ብቻ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ከምፅዋ ወደብ እስከ ደሴ የተዘረጋው የበርሜል ሰንሰለት ከመድፉ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል። ያ ሰንሰለት እንዳይበጠስ የጠበቀው ደግሞ ጄኔቭ ላይ ያልተወሰነው ውሳኔ ነው።

ወራሪው ለመርጋት መንገድ ያስፈልገው ስለነበር ሁለት ታላላቅ መንገዶችን ሠራ። አንደኛው ከአስመራ ተነሥቶ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልዲያ፣ በመርሳና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ከአሰብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል። ወሎ የሁለቱ መንገዶች መገናኛ ሆነ። የመኪና ቋንቋችንም ከዚያው ዘመን ወርሶ ቀርቷል፤ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቦቴ፤ ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ቅኝ ገዥው በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ቃሉ ግን በየጋራዡ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባለቅኔ ስለ ቋንቋ ንጽሕና ሲጨነቅ መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ፈትቶ ይገጥማል።

በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊትና አርበኞች በሚያዝያ ወር ደሴን ነጻ አውጥተው በዚሁ በወልዲያ መንገድ ወደ አምባ አላጌ ወጡ። በሰኔም አሰብ ከጠላት እጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን የአሥር ዓመት የዲፕሎማሲ ክርክር አልፌው ልሂድ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ኢትዮጵያ የባሕር በር አገኘች፤ ያን ጊዜ አሰብ ለወሎና ለሸዋ እውነተኛ ወደብ ሆነች።

ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ስለነበር አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። አሜሪካኖች በአስመራ ቃኘው ጣቢያ ተቀምጠው የዓለምን ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ የንጉሡን ጦር ያስታጥቃሉ። ንጉሡ ግን በ1951 ዓ.ም. ክረምት ሞስኮ ሄደው ከሶቪየት ኅብረት የተገኘውን ብድር ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያም ብድር የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶ በ1950ዎቹ ማብቂያ ሥራ ጀመረ። ጠመንጃው ከምዕራብ፣ ማጣሪያው ከምሥራቅ ማለት ነው። በማጣሪያው የተዘጋጀው ናፍጣና ቤንዚን በየማደያው የሚሸጠው ደግሞ በሼል፣ በሞቢል፣ በአጂፕና በቶታል ምልክት ነበር።

ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦቴው በረሃውን ማታ ማታ ያቋርጣል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ አንዱ ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ሰሜን፣ ወደ መርሳና ወልዲያ ይታጠፋል። በዚህ መንገድ ላይ የኖረ ሕዝብ ኑሮውን ከጎማ ጋር አስተሳስሯል። መርሳ ላይ ብርቱካንና ፓፓያ በሰፌድ ይዘው ወደ መኪና መስኮት የሚሮጡ ልጆች፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽሮ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች፣ ጎማ የሚለጥፍ ወጣት፣ ለሾፌሩ አልጋ የምታነጥፍና ጠጅ የምትቀዳ ሴት፤ እነዚህ ሁሉ በወደቡ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም እንጂ የወደቡ ጥገኞች ናቸው። የቲያትር ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የአሰብ መንገድ ሾፌር በመድረካችን ላይ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ንጉሥና ሚኒስትር፣ ባላባትና ጭሰኛ ብዙ ጊዜ ቀርበዋል፤ 30 ሺህ ሊትር እሳት ከጀርባው አዝሎ ሌሊት በረሃ የሚያቋርጠው ሰው ግን ገና ደራሲውን እየጠበቀ ነው።

ወልዲያ ሌላም ሚና ተጨመረላት። ንጉሡ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ፔኪንግን ከጎበኙ በኋላ በቻይና ርዳታ ከወልዲያ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ለተራራ የሚሄድ መንገድ ታቀደ፤ ሥራውም በአብዮቱ ዘመን ተከናወነ። የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ስለዚህ ከቀይ ባሕር የተነሣ ጭነት በወልዲያ ታጥፎ ጋሸናን፣ ደብረ ታቦርንና የጣናን ዳርቻ መድረስ ቻለ። ኢጣልያኖች የሠሩትን መንገድ ቻይናዎች ከሠሩት ጋር የምታገናኝ፣ ሩሲያኖች በሠሩት ማጣሪያ የወጣ ናፍጣ የሚራገፍባት አንዲት የወሎ ከተማ! የዓለምን ፖለቲካ ለማስተማር ካርታ ያጣ መምህር ወልዲያ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ማስተማር ይችል ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ዳር ሌላ ሰልፍ ተሰለፈ። ዝናብ ቀርቶ፣ እህል አልቆ፣ የባላባቱ ግብር ግን ሳይቀር የወሎ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ከቀዬው ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ፈሰሰ። የተራበ ሕዝብ መኪና ፊት እየቆመ አውቶቡስና ካሚዮን ያስቆም ነበር። ቦቴው ግን የሚበላ ነገር አልያዘም። ወደ መንገዱ የመጡት መንግሥት የሚያልፈው በመንገዱ ስለሆነ ነው፤ መንግሥት ያውቀን እንደሆነ ብለው ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለእንግሊዝ ተመልካች ሲታይ የዓለም ዓይን በወሎ ላይ አረፈ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ማብቂያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ሽያጭ ከለከሉ፤ በበርሜል 3 ዶላር ያህል የነበረው ድፍድፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ11 ዶላር በላይ ሆነ። የአዲስ አበባ መንግሥት ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት በጥቅምት ወር አቋረጠ። የስዌዝ ቦይም ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ አፍሪካን ዞሮ ነበር የሚደርሰን፤ ቦይዋ የተከፈተችው በ1967 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. በአገር ውስጥ የቤንዚን ዋጋ በመቶ 50 ሲጨመር የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከሰባት ወር በኋላ ዘውዱ ወደቀ።

ስለ አብዮቱ መንስኤ ሲጻፍ አንዱ ረሃቡን፣ ሌላው የነዳጁን ዋጋ ያስቀድማል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ የተገናኙት በአንድ መንገድ ላይ ነው። ረሃብ ብቻውን ዙፋን አልነቀነቀም፤ የወሎ ገበሬ ወራት ሙሉ ሲሞት አዲስ አበባ ሥራዋን አላቆመችም ነበር። ያቆመችው ቤንዚን በተወደደ ጊዜ ነው። ይህን ስጽፍ የታክሲ ነጂዎቹን ትግል ለማሳነስ አይደለም፤ የነዳጅ ጉዳይ ከማዕከሉ ዘንድ ከእህል ጉዳይ ቀድሞ እንደሚሰማ ለማመልከት እንጂ።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርር የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ተቆረጠ። ምፅዋም በ1970 ዓ.ም. በሻዕቢያ ከበባ ውስጥ ወደቀች። አገሪቱ የምትተነፍሰው በአሰብ ብቻ ሆነ። በዚያ ዓመት ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣ እያንዳንዱ ቦቴ የጦር ግንባር ነበር። ድፍድፉም ከዚያ ወዲህ በተለይ ከሶቪየት ኅብረት በብድርና በተሻለ ዋጋ ይመጣ ጀመር፤ ይህም እስከ 1980ዎቹ መግቢያ ቆየ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ተመልሶ መጣ። ኮረም ላይ ሕዝብ ሲረግፍ የርዳታ ስንዴ፣ የጦር መሣሪያና ነዳጅ በአንድ የአሰብ መድረክና በአንድ መንገድ ላይ ተሻሙ። መኪናው አነሰ፤ ከወልዲያ በስተሰሜን ያለው መንገድም ያለ አጀብ የማይታለፍ ነበር። ስንዴው ባሕሩ ዳር ሲከማች ተራራው ላይ ሰው ይሞት ነበር። በዚህ ጥፋት ውስጥ የድርቅ ድርሻ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የጦርነቱና የአዛዦቹም ድርሻ መጻፍ አለበት። በመስከረም ወር 10ኛው የአብዮት በዓል በታላቅ ሰልፍ ሲከበር ኮረም ባዶ አልነበረችም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ የሞስኮም እጅ አጠረ፤ በአዲስ አበባ ቤንዚን በኩፖን ይታደል ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ፣ ወዲያውም አሰብ ከመንግሥቱ ጦር እጅ ወጡ። ነገሩ በዚያ ወር ተፈጸመ።

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላም አሰብ ለሰባት ዓመት ያህል የኢትዮጵያን ጭነት ስታስተናግድ ቆየች። ማጣሪያው ሥራውን ያቆመው ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲዋጉ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁ ተጣርቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ቦቴው በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ጥቂቱ ነዳጅ ለተወሰኑ ዓመታት ከሱዳን በመተማ በኩል ይገባ ነበር። ስለዚህ ሚሌ የተባለችው የአፋር ከተማ የአገሪቱ ጉሮሮ ሆነች፤ ከዚያች ጉሮሮ እስከ ሐብሩ ቆላ ያለው ርቀት የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ይህን ቅርበት ወልዲያ በደሟ ነው የተማረችው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይል ቆቦን አልፎ ወልዲያን፣ ቀጥሎም መርሳንና አካባቢውን ያዘ። አንዱ ክንድ በቻይና መንገድ ወደ ጋሸና፣ ሌላው በጣልያን መንገድ ወደ ደሴ ሄደ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ውጊያው በባቲና በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ አቀና። የሚፈለገው የጅቡቲ መስመር ነበር። ካሳጊታ ላይ በተደረገው ውጊያ ሚሌ ሳትያዝ ቀረች፤ በታኅሣሥም ወልዲያ ተለቀቀች። በእነዚያ ወራት የከተማው ሰው መብራት፣ ስልክና ባንክ አልነበረውም። መብራት በሌለበት ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣም በሌለበት በመጅ ይፈጫል።

ከአላማጣ ወዲያ ያለው ወገንም ያው ነበር። በትግራይ የርዳታ እህል ደርሶ እንኳ የሚያከፋፍል መኪና ነዳጅ አጥቶ ይቆም እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጋግሞ አስታውቋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና በቆቦ በኩል ሲጀመር፣ በዚያው ቀን መቀሌ ላይ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ግቢ 12 ቦቴዎች ከ570,000 ሊትር በላይ ነዳጅ እንደያዙ በኃይል ተወሰዱ ተባለ። ሕወሓት በበኩሉ ያበደርኩትን ነዳጅ ነው ያስመለስኩት አለ። አንዲት የአላማጣ እናትና አንዲት የመርሳ እናት በዚያ ክረምት ስለ ነዳጅ ቢጠየቁ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ወፍጮ ነበር። የፕሪቶርያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ዕረፍቱ አልረዘመም፤ ከዓመቱ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ይህንኑ መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል።

መንገዱን በሌላ ለመተካት የታሰበው ብዙ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከጅቡቲ ዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ወጪው 1.55 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ፣ ቧንቧው ግን ሳይቀበር ቀረ። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ደግሞ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ በወልዲያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚደርስ የ390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ በ2007 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ፤ ከሐራ ወደ መቀሌና ወደ ታጁራ ወደብ የሚቀጠሉ መስመሮችም ታቅደው ነበር። ዕቅዱ ቢፈጸም ኖሮ የወልዲያ አካባቢ ከቀይ ባሕር በሐዲድ የሚገናኝ መጋጠሚያ ይሆን ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች በባብ ኤል መንደብ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ያም ሐዲድ፣ ያም ቧንቧ፣ ያም መንገድ ጫፋቸው በአንድ ጠባብ ውኃ ላይ መሆኑ እንደገና ታየ።

ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በአደባባይ ተከፍቷል፤ በየስብሰባውም ካርታ ይዘረጋል። ካርታው ላይ አሰብ አለች፣ ጅቡቲ አለች፣ ሚሌም በትንሽ ፊደል ተጽፋለች። መርሳ ግን ብዙ ጊዜ አትገኝም። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ባለው ክፍል የሐዲዱ ሥራ በጦርነቱ ተጎድቷል፤ የሠራተኞቹ ካምፕ ተዘርፏል። ሐዲዱ ለሚያልፍበት መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች ካሳቸውን ተቀብለው ወደ ከተማው ዳር ተጠግተው ነበር፤ ከእነሱም መካከል ዛሬ በመንገዱ ዳር ለሚያልፍ ቦቴ ብርቱካን የሚሸጡ አሉ።